ፈረንሳይኛ መማር ለተማሪ ያለው ጥቅም

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 የምናገረው የታችኛው ክፍል ተማሪዎች በየዓመቱ፥ «እንግሊዝኛ እያለን ፈረንሳይኛ ምን ያደርግልናል?» እያሉ ስለሚጠይቁት ጥያቄ ነው። እኔም በ9ኛ ክፍል ሳለሁ ይህንኑ ጠይቄ ነበር። መልሱን ያገኘሁት ግን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሴት አያቴ ሣጥን ውስጥ ነው።

ወንድ አያቴ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ከሐረርጌ ገበሬዎች ቡና እየገዙ እዚህ ድሬዳዋ ለሚገኙ ላኪዎች የሚሸጡ ሰው ነበሩ። አንድ ጊዜ ሠላሳ ጆንያ ቡና ለአንድ የውጭ አገር ነጋዴ አስረክበው፥ በፈረንሳይኛ በተጻፈ ውል ላይ የጣታቸውን አሻራ አኖሩ። አስተርጓሚው «ገንዘቡ በሳምንት ውስጥ ይከፈላል» ብሎ ነግሯቸው ነበር። ሳምንቱ አለፈ፤ ወሩም አለፈ። ገንዘቡ የተከፈለው በአራተኛው ወር ነው። እስከዚያ ድረስ አያቴ የገበሬዎቹን ዕዳ ለመክፈል ሲሉ የሚኖሩበትን ቤት ሸጡ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን የዚያ ነጋዴ ነገር ሲነሣ «ያ አታላይ» ሳይባል አይታለፍም ነበር።

አምና ሴት አያቴ ያንን ወረቀት ከሣጥናቸው አውጥተው፥ «እስቲ ልጄ፥ የተማርሽው ነገር ለዚህ ይሆን እንደሆነ አንብቢልኝ» አሉኝ። መዝገበ ቃላት ይዤ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ገንዘቡ የሚከፈለው ቡናው ጅቡቲ ደርሶ በመርከብ ከተጫነ በኋላ እንደ ሆነ በግልጽ ተጽፎአል። ነጋዴው የፈረመውን ፈጽሞአል፤ የተሳሳተው ትርጕሙ ነበር። ሴት አያቴ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፥ «ሰውየውን ስንት ዓመት በከንቱ ረገምነው!» አሉ። የተሸጠው ቤት አልተመለሰም፤ ከቤታችን ግን አንድ ቂም ወጣ። እኔም ቋንቋ መማር ማለት የሌላውን አፍ ሳይጠብቁ ወረቀትን በራስ ዓይን ማንበብ መሆኑ የገባኝ በዚያን ቀን ነው።

በአንድ ቤት የደረሰው ነገር በአገርም ላይ ይደርሳል። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ፥ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራት ጉዳይ በኢጣሊያ በኩል መገልገል እንደምትችል በአማርኛ ሲናገር፥ የኢጣሊያንኛው ጽሑፍ ግን ግዴታ አድርጎት ነበር። ጠቡ እየከረረ ሄዶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ብዙ ደም ፈሰሰ። ከድሉ በኋላ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. የሰላሙ ውል አዲስ አበባ ላይ ሲፈረም የተጻፈው በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነው። አባቶቻችን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ ወደፊቱ ሥራችን ልምጣ። ከመካከላችን ሕግ ለመማር የሚያስብ ቢኖር፥ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ የተረቀቀው በፈረንሳይኛ መሆኑን ይወቅ። በፍርድ ቤት ሥራ ላይ የሚውለው አማርኛው ነው፤ ነገር ግን የአንድ አንቀጽ አሳብ ሲያጠራጥር ወደ ምንጩ ወርዶ መመልከት የሚችል ጠበቃ ከጓደኞቹ አንድ እርምጃ ይቀድማል።

ንግድ የሚወድ ቢኖር ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከተማችን ድሬዳዋ ራሷ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ልጅ ናት። «ለገሃር» የምንለው ቃል እንኳ የፈረንሳይኛ ሆኖ ትርጓሜው «ጣቢያው» ማለት ነው። ዛሬም አገራችን ወደ ውጭ የምትልከውና ከውጭ የምታስገባው ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ወደብ ነው፤ በሰኔ 1969 ዓ.ም. ነጻ የወጣችው ይህች ጎረቤታችን የምትሠራባቸው ቋንቋዎች ደግሞ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው። ትራንዚተር መሆን የሚፈልግ ሰው በሁለቱም በኩል ቢናገር ሥራው ይቃናለታል።

በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ከተመሠረተ ወዲህ፥ ዛሬም የአፍሪካ ኅብረት በሚሰበሰብበት አዳራሽ ፈረንሳይኛ ከሥራ ቋንቋዎቹ አንዱ ነው። የአየር መንገዳችን አውሮፕላኖች ወደ ዳካር፥ ወደ አቢጃን፥ ወደ ሎሜና ወደ ኪንሻሳ ይበራሉ። በእነዚህ ከተሞች የመንግሥት መሥሪያ ቤትና የትምህርት ቤት ሥራ የሚካሄደው በፈረንሳይኛ ነው። አስተርጓሚ፥ አስተናጋጅ፥ አስጎብኚ፥ ዲፕሎማት ለመሆን የሚመኝ ተማሪ ይህን ያስብ።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። የመጀመሪያው፥ «ፈረንሳይኛ የቅኝ ገዥ ቋንቋ ነው፤ ማሊም እንኳ በ2015 ዓ.ም. ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ብሔራዊ ቋንቋዎቿን አስቀድማለች» የሚል ነው። ማሊ የራሷን ቋንቋዎች ማክበሯ መልካም አደረገች፤ ቢሆንም በዚያው ሕገ መንግሥት ፈረንሳይኛን የሥራ ቋንቋ አድርጋ አስቀርታዋለች። የራስን ማክበርና የሌላውን ማወቅ አይጣሉም። ሁለተኛው፥ «ፈረንሳይኛ ተምረው ሥራ ያጡ አሉ» የሚለው ነው። ይህም እውነት ነው። ቋንቋ ብቻውን እንጀራ አይሆንም፤ ከሕግ፥ ከሕክምና፥ ከሒሳብ ወይም ከእጅ ሥራ ጋር ሲገናኝ ግን ዋጋ ያገኛል። አማርኛውን ሳያጠና ፈረንሳይኛ የሚያነበንብ ተማሪም የውጫሌን አስተርጓሚ ይመስላል፤ ሁለቱን ጽሑፎች አስተካክሎ ማየት የሚችል ሁለቱንም በደንብ ያወቀ ብቻ ነውና።

ስለዚህ እናንተ ታናናሽ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ግሡ በበዛባችሁና አነጋገሩ በከበዳችሁ ጊዜ ተስፋ አትቍረጡ። በየቀኑ ዐሥር ቃል አጥኑ፤ እየተሳሳታችሁም ቢሆን ተናገሩ። በከተማችን በባቡሩ ዘመን ፈረንሳይኛ የለመዱ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉና፥ ሰላም እያላችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ደስ ብሎአቸው ያስተምሩአችኋል።

በዚህ ዓመት ከዚህ ግቢ የምንወጣ ተማሪዎች ሕግ ለመማር ወይም ሌላ ሥራ ለመያዝ በየፊናችን እንበተናለን። እኔ በበኩሌ የአያቴን ውል ቅጂ ይዤ እሄዳለሁ። አንድ ቀን የጣት አሻራውን ሊያኖር የመጣ ሰው በፊቴ ቢቆም፥ አስቀድሜ ቃል በቃል ላነብለት ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።