ዝም የሚል ስህተት፦ የድረ ገጽ ስክሪፕትን ከመረጃ ቋት ጋር ስለማገናኘት



የዛሬው ንግግሬ በፒኤችፒ የተጻፈ የድረ ገጽ ስክሪፕት ከማይኤስኪውኤል የመረጃ ቋት ጋር ሲሠራ ስለሚያጋጥሙ ስህተቶች ነው። ግንኙነቱን መፍጠር ቀላል ነው፤ የሰርቨሩን አድራሻ፣ የቋቱን ስም፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል መስጠት ይበቃል። ከባዱ ጥያቄ ሥራው ሲከሽፍ ማን ምን ማወቅ ይገባዋል የሚለው ነው።

ሰርቨሩ ባይገኝ ወይም የይለፍ ቃሉ ስህተት ቢሆን፣ ፒዲኦ የተባለው የፒኤችፒ መገናኛ ወዲያውኑ «ኤክሴፕሽን» ያስነሣል፤ ይህን የሚይዝ ኮድ ከሌለ ስክሪፕቱ ይቆማል። ጀማሪን ቢያስደነግጥም ይህ ከስህተቶች ሁሉ ቀላሉ ነው፤ ራሱን አይሰውርምና። ይበልጥ የሚያሳስበው ግንኙነቱ ከሰመረ በኋላ የሚመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ፒኤችፒ 8.0 እስኪወጣ ድረስ፣ ፒዲኦ አንድ መጠይቅ ሲከሽፍ በነባሪ ሁነታው ዝም ይል ነበር። ውጤቱን የማይመረምር ስክሪፕት ምንም ሳያስቀምጥ «ምዝገባዎ ተጠናቋል» ብሎ ተማሪውን ያሰናብታል። ተማሪው እውነቱን የሚያውቀው ስሙ ከዝርዝሩ ሲታጣ ነው።

የራሳችንን ፊደል የሚነካ ምሳሌ ልጨምር። ማይኤስኪውኤል ከ8.0 በፊት በነባሪ የሚጠቀመው የፊደል ስብስብ ላቲን 1 ነበር፤ በውስጡም የግዕዝ ፊደል የለም። በዚህ ስብስብ በተፈጠረ ሠንጠረዥ ላይ፣ ግንኙነቱ ዩኒኮድ ቢሆንም እንኳ፣ ጥብቅ ሁነታው ካልበራ «አበበ» ተብሎ የተላከው ስም «???» ሆኖ ይቀመጣል። ቋቱ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል እንጂ ሥራውን አያቆምም። ከዚያ በኋላ አበበን ከከበደ የሚለይ ምንም ነገር የለም፤ ሁለቱም ሦስት የጥያቄ ምልክት ሆነዋል። ከ5.7 ጀምሮ በነባሪ የበራው ጥብቅ ሁነታ ግን መረጃውን አልቀበልም ብሎ ስህተት ይመልሳል። መረጃ ከሚጠፋ ሥራ ቢቋረጥ ይሻላል። ዘላቂው መፍትሔ ሠንጠረዡንም ግንኙነቱንም ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ማድረግ ነው።

ይህ ሲባል ግን ስህተቱን ሁሉ ለጎብኚው እናሳይ ማለት አይደለም። ያልተያዘ የግንኙነት ስህተት የፋይሉን መንገድና የተጠቃሚውን ስም፣ በቆዩ የፒኤችፒ ስሪቶችም የይለፍ ቃሉን ጭምር ሊያጋልጥ ይችላል። ስለዚህ አንዱ ስህተት ሁለት መልእክት ያስፈልገዋል። ለተጠቃሚው «ምዝገባዎ አልተፈጸመም፤ እባክዎ ቆይተው ይሞክሩ» የሚል አጭርና እውነተኛ ቃል ይድረሰው፤ ሙሉው ዝርዝር ደግሞ ባለሙያው በሚያነበው የስህተት መዝገብ ላይ ይጻፍ። ክፍያና ምዝገባን የመሳሰሉ ተያያዥ ሥራዎችም በአንድ ትራንዛክሽን ይታሰሩ፤ ወይ ሁለቱም ይጽኑ፣ ወይ ሁለቱም ይሰረዙ።

በመጨረሻም፣ ባዶ «ካች» ጽፎ ስህተትን መዋጥ ቋንቋው የተወውን ዝምታ በገዛ እጃችን መመለስ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ስህተቱን የሚሰውር ፕሮግራምም አይታረምም።