ስለ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይ አገልግሎት የተነገረ ቃል



በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ሲሉ አበው ተናግረዋል። ነገር ግን የተጻፈውን የሚወርሰው ትውልድ የጻፈውን ሰው ብዙ ጊዜ አያስበውም። በሽሮ ሜዳ የሚኖር ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ሸማኔው ድሩን ዘርግቶ፣ ማጉን በመወርወሪያ እያመላለሰ የሠራውን ነጠላ በበዓል ቀን ሕዝቡ ሁሉ ለብሶት ይታያል፤ የሠራው እጅ የማን እንደ ሆነ ግን የሚጠይቅ የለም። የሕግ ጸሐፊም ሥራ እንዲሁ ነው። ሕጉ በንጉሥ ወይም በምክር ቤት ስም ይወጣል፤ ቃሉን አስተካክሎ የጻፈውና የጠበቀው ሰው ግን ተሰውሮ ይቀራል።

በኢትዮጵያ የሕግ ምክር ቤት ከመቆሙ አስቀድሞ ይህ አገልግሎት የጸሐፌ ትእዛዝ ነበር። ጸሐፌ ትእዛዝ ማለት የንጉሡን ትእዛዝ የሚጽፍ፣ ማኅተሙን የሚጠብቅ፣ የዘመኑንም ታሪክ የሚመዘግብ ሹም ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በዚህ ሹመት ያገለገሉት ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይ ነበሩ። በጥቅምት ወር 1900 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር፣ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ ሚኒስትር ሲሆኑ፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጽሕፈት ሚኒስትር ሆኑ። በዚህም ብዕር ከጦርና ከፍርድ ጋራ የሚተካከል የመንግሥት ሥራ መሆኑ ታወቀ።

የጽሕፈት ሥራ ቀላል የሚመስለው ሰው ቢኖር የውጫሌን ውል ያስብ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በ17ኛው ክፍል፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች ነገሥታት ጋራ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ብሎ በአማርኛ ተጽፎ ነበር፤ የኢጣልያንኛው ቃል ግን ግዴታ ሆኖ ተተረጐመ። ዳግማዊ ምኒልክም ይህን ባወቁ ጊዜ ተቃወሙ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን መተዋቸውን አስታወቁ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ሆነ። እርግጥ ነው፣ ጦርነቱን ያመጣው የኢጣልያ ምኞት እንጂ የቃል ልዩነት ብቻ አይደለም። ሆኖም ቃሉ በአማርኛ ጸንቶ ባይጻፍ ኖሮ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በነገሥታት ፊት የሚያቀርቡት ማስረጃ ባልነበራቸውም ነበር።

ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ የሚሄደው መንገድ ወደ እንጦጦ ያደርሳል። በዚያ በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ደፉ። የዚያን ዘመን ታሪክ በስፋት ጽፈው ያቆዩ እኒሁ ጸሐፌ ትእዛዝ ናቸው። መጽሐፋቸው አስቀድሞ በፈረንሳይኛ ተተርጕሞ በፓሪስ በሁለት ክፍል ታተመ፤ አማርኛው ግን በ1959 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታትሞ ወጣ። ጸሐፊው ከዚህ ሁሉ አስቀድመው ዐርፈው ነበርና የድካማቸውን ፍሬ በዐይናቸው አላዩም። የንጉሥ ባለሟል የጻፈው ታሪክ ንጉሡን ማመስገኑ የታወቀ ነው፤ አንባቢም ይህን ልብ ማለት ይገባዋል። ነገር ግን እርሳቸው ባይጽፉት ኖሮ፣ ዛሬ የሚመረመርና የሚታረም ነገር እንኳ ባልተገኘም ነበር።

ከእርሳቸው በኋላ ሹመቱ አልቀረም። በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ቆመ፤ በ1924 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ተከፈተ። ከጠላት ወረራም በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ ተቋቁሞ ሕግ በጽሕፈት ሚኒስቴር በኩል ለሕዝብ ይታወጅ ጀመር። ያ ምክር ቤት በ1967 ዓ.ም. ፈረሰ፤ የጽሕፈት ሚኒስቴርም ቀረ። ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ የአገሪቱ ሕግ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል። መንግሥታት ቢለዋወጡም፣ በምክር ቤት ተቀምጦ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ፣ ረቂቁን ከጸደቀው ጋራ የሚያስተያይ፣ አንዲት ቃል እንዳትጐድል እንዳትጨመርም የሚተጋ ሠራተኛ አልታጣም። ከእነዚህም ብዙዎቹ ጠጕራቸው እስኪሸብት በአንድ ወንበር አገልግለው፣ ያለ ምስጋና ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል።

እንግዲህ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴን ማክበር ማለት ስማቸውን በመጥራት ብቻ አይፈጸምም። በሰበካውም የጥምቀቱንና የጋብቻውን መዝገብ የሚይዝ፣ የጉባኤውን ቃል የሚጽፍ አገልጋይ አለ። እርሱ ቢሳሳት የልጅ ስም ይጠፋል፤ የድኻ ርስት ይነጠቃል፤ እርሱ ቢታመን ግን ካለፈ በኋላ እንኳ ለማያውቀው ሰው ምስክር ይሆናል። ስለዚህ እንዲህ ያለው አገልጋይ በሕይወት ሳለ ይመስገን፤ የጻፈውም መዝገብ ከምስጥና ከዝናብ ተጠብቆ ለልጆች ይተላለፍ።