ጎብኚንና አስጎብኚን በእጅ ስልክ ስለማገናኘት

(በሰፈራችን ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተነበበ ንግግር፤ በስብሰባው ላልተገኙ አባላት በሰሌዳ ላይ የተለጠፈ)



የዛሬው ጉዳይ አንድ ነው። እንደሰማችሁት አምስት የሰፈራችን ልጆች ጎብኚንና አስጎብኚን በእጅ ስልክ የሚያገናኝ አፕ እየሠሩ ናቸው። ከማኅበሩም ሁለት ነገር ጠይቀዋል። አንደኛ፣ የስብሰባ ክፍላችንን በሳምንት ሦስት ቀን እንድንፈቅድላቸው፤ ሁለተኛ፣ የማኅበሩን ስም እንደ ዋስ እንድንሰጣቸው ነው። ክፍሉ ቀላል ነው፤ ወንበርና ጠረጴዛ ነው። ስም ግን ቀላል አይደለም። ስም አንዴ ከተበላሸ አይታጠብም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንድናየው ያስፈልጋል።

ጎብኚው ያለ መሪ ለምን አይሆንለትም?

ጁገል በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የታጠረ ግንብ ነው። አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። በውስጡ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ ቦታዎች ተመዝግበዋል። መተላለፊያ ጉራንጉሮቹም 368 ናቸው ተብሎ ይቆጠራል። በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጁገልን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ሸዋል ኢድም በ2016 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ገብቷል።

ይህን ሁሉ ከውጭ የመጣ ሰው በሁለት ቀን ውስጥ ብቻውን አያየውም። መንገዱ ጠባብ፣ ግንቡ ከፍ ያለ በመሆኑ በስልክ ላይ ያለው ካርታ አንዱን ጉራንጉር ከሌላው ያምታታበታል። መኪና ግርግር ቢደርስ ስሙ ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ የመጣ መሆኑን የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። ከሐረሪ ቤት ቢገባ በየትኛው ነደባ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ካልተነገረው ያየው ነገር ግድግዳና ምንጣፍ ብቻ ነው። ማታ የጅብ ማብላቱን ለማየትም ብቻውን ከግንቡ ውጭ አይወጣም።

መሪ ደግሞ ሁሉ አንድ አይደለም። የራምቦን ቤት ውሰዱ። ያልተማረ ተከታይ «ራምቦ እዚህ ክፍል ውስጥ ይተኛ ነበር» ብሎ ብሩን ተቀብሎ ይሄዳል። ጥሩ አስጎብኚ ግን ገጣሚው ሐረር መኖሩ እውነት ቢሆንም፣ ቤቱን ያሠራው የህንድ ነጋዴ እንደሆነ፣ ራምቦ ራሱ እዚያ እንዳልኖረ አዋቂዎች እንደሚናገሩ አስረድቶ፣ ውስጥ ያሉትን የጥንት ፎቶግራፎች ያሳየዋል። እንግዳው አገሩ ሲገባ የሚያወራው የሰማውን ነው። ውሸት ከሰማ ስለ እኛ ውሸት ያወራል።

ዛሬ ነገሩ እንዴት ነው የሚሄደው?

እንግዳው ከድሬዳዋ መጥቶ ይወርዳል። ገና ቦርሳውን ሳያወርድ አራት አምስት ሰው ይከበዋል። ፈቃድ ያለው አለ፣ የሌለው አለ። ትንንሽ ልጆችም «ፈረንጆ፣ ፈረንጆ» እያሉ ይከተሉታል። ዋጋው አልታወቀ፣ ሰውየው አልታወቀ። እንግዳው ይፈራና ሁሉንም እምቢ ብሎ ብቻውን ይገባል። ታዲያ የሚጎዳው ማነው? ፈቃድ አውጥቶ፣ ግብር ከፍሎ፣ ቋንቋ ተምሮ በሩ ላይ የቆመው አስጎብኚ ነው። ከእርሱ ይልቅ ደግሞ የሚጎዳው ሕፃኑ ነው። ዛሬ ከትምህርት ቤት ቀርቶ እንግዳ ተከትሎ ጥቂት ብር ያገኘ ልጅ ነገም መቅረቱ አይቀርም። ይህን እኮ ሁላችንም በዓይናችን የምናየው ነው።

አፑ ምን ይሠራል?

አፕ፣ በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ መተግበሪያ የሚባለው፣ በአጭሩ ደላላ ነው እንበል። ልዩነቱ ደላላው መዝገብ ይዞ መሥራቱ ነው። አስጎብኚው ፎቶግራፉን፣ የፈቃድ ቁጥሩን፣ የሚችላቸውን ቋንቋዎች፣ ነፃ የሆነበትን ቀንና የቀን ዋጋውን ያስመዘግባል። እንግዳው ገና ከአገሩ ሳይነሣ ቀኑንና ቋንቋውን መርጦ ጥያቄ ይልካል። አስጎብኚው ሲቀበል ሁለቱም ስም፣ ዋጋና የመገናኛ ቦታ ያውቃሉ። እንግዳው ሲወርድ የሚጠብቀው ሰው አለ፤ መከበብ ቀረ ማለት ነው። ሥራው ሲያልቅ እንግዳው አስተያየት ይሰጣል፣ ኮከብም ይሰጣል።

ፈረንጅ ብቻ አይደለም የሚጠቀምበት። ለሸዋል ኢድ ከአሜሪካና ከካናዳ የሚመጡ የሐረር ልጆች አሉ። ከነርሱ የተወለዱት ብዙዎቹ የአያታቸውን ሰፈር አያውቁትም። ከአዲስ አበባ ለእረፍት የሚመጣ ቤተሰብም አለ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እነዚህ ግን ሳያውቁት ናፍቀው ነው የሚመጡት። እነርሱንም በሥርዓት መቀበል ይገባል።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረተችው ራይድ ተሳፋሪንና ባለመኪናን ያገናኛል። ከራይድ የምንማረው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ዘመናዊ ስልክ የሌለው ሰውም በአጭር ቁጥር ደውሎ መኪና እንዲጠራ በር ተከፍቶለታል። እኛም ስልክ የሌላቸውን አረጋውያን አስጎብኚዎች ከውጭ አስቀርተን ሥራ ልንጀምር አንችልም።

በውጭ አገርም ቪያተርና ጌት ዩር ጋይድ የሚባሉ ትልልቅ ድርጅቶች አሉ። «እነርሱ ካሉ ልጆቻችን ለምን ይደክማሉ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። መልሱ በድርሻው ላይ ነው። እንዲህ ያሉ ድርጅቶች እንግዳው ከሚከፍለው ላይ ብዙ ጊዜ ከመቶ 20 እና ከዚያም በላይ ይቆርጣሉ። ለምሳሌ የቀን ዋጋው 3,000 ብር ቢሆን 600 ብር እዚያው ይቀራል ማለት ነው። ልጆቻችን የጠየቁት ከመቶ 5፣ ማለትም 150 ብር ነው። ቀሪው 450 ብር በአስጎብኚው ኪስ፣ ከዚያም በሰፈራችን ሱቅና ምግብ ቤት ይውላል።

የሚያስቸግረው ነገር

አንደኛው የስልኩ ዓይነት ነው። የእኛ አስጎብኚዎች የያዙት በአብዛኛው አንድሮይድ ነው፤ ከፈረንጁ ብዙው አይፎን ይይዛል። አፕ በጉግል ፕሌይ ለማስመዝገብ አንድ ጊዜ ብቻ 25 ዶላር ይከፈላል። በአፕል ግን በየዓመቱ 99 ዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው አሠራር ከተለወጠ ወዲህ ከ58 ብር በታች የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር በላይ እንደደረሰ ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ የአፕሉ ብቻ በዓመት ከ9,900 ብር በላይ ይሆናል። ከዚህም ሌላ፣ ሁለት ቀን የሚቆይ እንግዳ ለሁለት ቀን ብሎ አፕ ስልኩ ላይ አይጭንም። ልጆቹ ተመካክረው ያገኙት መላ ጥሩ ነው። አፑ ለአስጎብኚው ይሁን፤ ለእንግዳው ግን ምንም ሳይጭን በማንኛውም ስልክ የሚከፈት ገጽ ይሁን ብለዋል። በዚህ መንገድ የአፕሉ ወጪ ለጊዜው ይቀራል።

ሁለተኛው ኔትወርክ ነው። በወፍራም ግንብ መካከል ኔትወርክ ይደክማል፤ ጭራሽ የሚጠፋበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ የቀጠሮው ወረቀት በስልኩ ውስጥ ተቀምጦ ያለ ኔትወርክ መከፈት አለበት። ካርታውም እንደዚሁ ነው። ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባል፣ ማንም ሰው እያስተካከለ የሚያሳድገው ነፃ ካርታ አለ። ልጆቹ ጉራንጉሮቹን በእግራቸው እየዞሩ እዚያ ላይ በመሣል ላይ ናቸው። የጎደላቸው የጉራንጉሩ ስም ነው። እዚህ ላይ አባቶችና እናቶች ታስፈልጋላችሁ። ስሙን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ካልተጻፈ ከእናንተ ጋር ይሄዳል።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። የውጭ ካርድ ለመቀበል ለጀማሪ ቀላል ስላልሆነ፣ ለመነሻው ክፍያው እንግዳው ሲደርስ በእጅ፣ ከአገር ውስጥ ለመጣው ደግሞ በቴሌብር ይሁን ተብሏል። ይህ ግን የራሱ ጣጣ አለው። አስቀድሞ ያልከፈለ እንግዳ ላይመጣ ይችላል፤ አስጎብኚው ሌላ ሥራ ትቶ ሲጠብቅ ይውላል። ስለዚህ ከቀጠሮው ቀን በፊት ባለው ማታ ለእንግዳው «ትመጣለህ ወይ?» የሚል መልእክት ይላክ፤ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ካልመለሰ አስጎብኚው ነፃ ይሁን።

አራተኛው፣ ከሁሉም የሚከብደው፣ የተራ ጉዳይ ነው። እስከ ዛሬ አስጎብኚዎቻችን በተራ ነው የሚሠሩት። ዛሬ አንተ፣ ነገ እርሱ። በአፑ ግን የሚመርጠው እንግዳው ነው፤ እንግዳ ደግሞ የሚመርጠው ብዙ ኮከብ ያለውን ነው። ኮከብ ያለው ሥራ ያገኛል፤ ሥራ ያገኘ ኮከብ ይጨምራል። እንዲያው ዝም ብለን ከተውነው በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ሰው በልቶ ሌላው ጦሙን ያድራል። ጦሙን የሚያድረው ማን እንደሆነ ደግሞ እናውቃለን። ወጣቶቹን ይህን ሥራ ያስተማሩት፣ ቋንቋውን በጆሯቸው የለመዱት፣ ስልክ መነካካት የማይሆንላቸው አዛውንቶች ናቸው። አዲስ የሚጀምሩት ሴት ልጆቻችንም ኮከብ ከየት ያመጣሉ?

በሌላ በኩል ደግሞ ተራ ብቻውን ስንፍናን ይሸፍናል። ሰክሮ የሚመጣም፣ ቀጠሮ የማያከብርም ተራው ሲደርስ እኩል ይበላል። ስለዚህ ሁለቱን ማስታረቅ ይገባል። በገጹ ላይ ከላይ የሚወጡት ሦስት ስሞች በተራ ይሁኑ፤ እንግዳው ካልፈለጋቸው ወደ ታች ወርዶ ይምረጥ። ኮከብ የሚታየው አስጎብኚው አሥር ሥራ ከሠራ በኋላ ይሁን። ክፉ አስተያየት የተጻፈበት ሰው መልስ የመጻፍ መብት ይኑረው። ማንም ሰው በአንድ እንግዳ ቃል ብቻ ከመዝገብ እንዳይወጣ፤ ነገሩ በሁለቱም ወገን ተሰምቶ ይወሰን።

አምስተኛው ቤታችን ነው። እንግዳ የሚዞርበት መንገድ የእኛ ደጃፍ ነው። ሴቶች ቅርጫት ሲሰፉ ሳይጠየቁ ፎቶግራፍ ይነሳሉ። ይህ በአፑ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ያለ ፈቃድ ፎቶ ማንሳት አይቻልም፤ ለቤት ጉብኝት የሚከፈለውም በቀጥታ ለቤቱ እመቤት ይሰጥ። የሰዎች ስምና ስልክም በየሜዳው እንዳይበተን ይጠበቅ። ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ ልጆቹ አዋጁን አንብበው እንዲያስረዱን እንፈልጋለን።

የሥራ አስፈጻሚው ሐሳብ

ይህን ሁሉ ከተመለከትን በኋላ ስማችንን በሚከተለው ውል እንድንሰጥ ለጉባኤው እናቀርባለን።

1. ፈቃዱን ዋናውን ወረቀት አምጥቶ ያላሳየ አስጎብኚ አይመዘገብም።
2. ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በምንም ምክንያት አይመዘገብም፤ አስጎብኚም በትምህርት ሰዓት ሕፃን አስከትሎ አይሄድም።
3. የአፑ ድርሻ ከመቶ 5 አይበልጥም። ለመጨመር ቢፈለግ መጀመሪያ ለዚህ ጉባኤ ይቀርባል።
4. ስልክ ለሌላቸው አስጎብኚዎች በማኅበሩ ክፍል አንድ ተረኛ ወጣት ጥያቄውን እየተቀበለ ይነግራቸዋል።
5. ገቢና ወጪው በየሦስት ወሩ ተመርምሮ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።
6. ሥራው በአሥር አስጎብኚዎች ለስድስት ወር ይሞከራል። በስድስት ወሩ መጨረሻ ካልበጀ ማኅበሩ ስሙን ያነሳል።

አንዳንዶቻችሁ ስድስተኛውን ለምን አስገባችሁ፣ ልጆቹን አላመናችሁም ወይ ትሉ ይሆናል። እናምናቸዋለን። ነገር ግን ስሙ የሥራ አስፈጻሚው ብቻ አይደለም፤ እዚህ የተቀመጥነው የሁላችንም፣ ከእኛ በፊት ይህን ማኅበር ያቆሙትም ነው። ቀን የተቆረጠለት ውል ለልጆቹም ይበጃል። ቀኑ ሲደርስ የሠሩትን ይዘው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ይቀርባሉ።

በመጨረሻም ወጣቶቹን አንድ ነገር እናሳስባቸዋለን። አፑ ቢያምር፣ ቢፈጥን፣ ቀለሙ ቢደምቅ መልካም ነው። እንግዳው ግን ለአፑ ብሎ አይመጣም። የሚመጣው ለጁገል ነው፤ የሚያስታውሰውም እጁን ጨብጦ የተቀበለውን ሰው ነው። ሰውየው ካልታነፀ ስልኩ ብቻውን ምንም አያደርግም። ስለዚህ ከኮዱ ጎን ለጎን የታሪክ፣ የቋንቋና የመስተንግዶ ትምህርት ይሰጥ። ለዚህም የስብሰባ ክፍሉን አራተኛ ቀን ብንጨምር አንከፋም።

ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በማኅበሩ ክፍል ነው። የሚቃወም ተቃውሞውን፣ የሚያሻሽል ማሻሻያውን ይዞ ይምጣ። ከበስተኋላ ማማት ግን ለማንም አይበጅም። የጉራንጉር ስም የምታውቁ አባቶችና እናቶች ከእሑድ በፊት ብትመጡ ልጆቹ ደብተር ይዘው ይጠብቋችኋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ በአንድነት ከያዝነው የሰፈራችን ልጅ ከበሩ ላይ ቆሞ እንግዳ ከመለመን ይድናል።



የማኅበሩ ጸሐፊ
ስለ ሥራ አስፈጻሚው