ምክትሉና ጎሚኒው

የደጎሎ ፀሐይ ጠንክሯል፣ ተመራቂ ልጆቹም ጋዋን ውስጥ እየተቀቀሉ ነው። ልጆቼ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ!

አዘጋጆቹ «ከመምህርነት ወደ ሥልጣን ስለሚወስደው መንገድ ንገርልን» ብለውኛል። ነገሬ ስለ ምክትልነት ነው፤ ምክትል ፕሬዚዳንት የሚባል ሹመት አገራችን ያየችው በኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ የያዙት ፍስሐ ደስታም ወታደር ነበሩ። ከጥቁር ሰሌዳ ተነስተው ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርነት ከደረሱት አንዱ ግን የሙያ ባልደረባዬ ናቸው፤ የውኃ ሰው። አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ምህንድስና ተማሩ፤ ፊንላንድ ታምፔሬ ሄደው የሳኒቴሽን ምህንድስና ጨመሩበት፤ የአርባ ምንጭ የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ዲን ሆኑ። በ1994 ዓ.ም. የደቡብ ክልል ፕሬዚዳንት፣ በ2003 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አቶ መለስ ዜናዊ በነሐሴ 2004 ሲያርፉ ምክትሉ ዋና ሆኑ። በየካቲት 2010፣ አገር በተቃውሞ ስትናጥ፣ መልቀቂያ አስገቡ። ስለ አስተዳደራቸው የምትሉት ብዙ ነው፤ እኔም አለኝ። ግን በዚህ አገር በገዛ ፊርማው ከዚያ ወንበር የተነሳ ስንት ሰው ታውቃላችሁ? ሙያ ያለው ሰው ሲነሳ እግሩ አይከዳውም መሰለኝ።

እኔም በአቅሜ ምክትል ነበርሁ፤ የአንድ መሥሪያ ቤት። ሥራዬ ዋናው ሲጠፋ መፈረም ነው። አንድ ጠዋት አንድ አዛውንት በትራቸውን ተደግፈው ገቡ። የቀበሌያቸው የእጅ ፓምፕ ከቆመ ሁለት ወሩ። «አባቴ፣ ጉዳዩ የበጀት ነው፤ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ዕቅድ ይያዛል» አልኋቸው። ዝም ብለው እጄን አዩት።

«ልጄ፣ አንተ ያ ግራሶ ከእጁ የማይጠፋው ልጅ አይደለህም?»

ነበርሁ። የፓምፑ ጉድጓድ ሲቆፈር አብሬ አድሬያለሁ። አፍሬ ተነሳሁና ተከተልኋቸው። ፓምፑን ስንፈታው የጎደለው ምን ይመስላችኋል? ጎሚኒ! ተበልታ ያለቀች፣ አውራ ጣት የማታህል ጎሚኒ። ሴቶቹ ሁለት ወር ሙሉ ገደል ወርደው ወንዝ የቀዱት በሷ ነው። የግማሽ ሰዓቱ ሥራ ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ፤ እጄ መፍቻ አያያዝ ረስቷል። አዛውንቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው «አብሽር፣ ይመለስልሃል» ይሉኛል። በሳምንቱ ምክትልነቱን ተውሁት። ባለቤቴ ግን «እሱ ነው የተወህ» ባይ ናት።

ሹመት ሲመጣ እምቢ በሉ አልልም። ማን እምቢ ይላል? ግን የተማራችሁትን እጃችሁ እንዳይረሳው። እናንተ የውኃ ልጆች ደግሞ፣ ምንጭ አጎልብታችሁ ሳታጥሩ የምትሄዱት፣ ምን ነክቷችኋል? ከብት የሚጠጣበትንና ሰው የሚቀዳበትን መለየት ዲግሪ ይፈልጋል? ቀበሌ ሁሉ መለዋወጫ የሚይዝ አንድ ሰው ይኑረው እያልሁ ስጮህ ዓመታት አለፉ፤ ዛሬም እጮኻለሁ። ሰዓቱ አልቋል አሉኝ።

ስገባ ያየሁት አንድ ነገር አለ፤ በሩ አጠገብ ያለው ቧንቧ ያንጠባጥባል። ይህ ሁሉ ተመራቂ በዚያ አልፎ ነው የገባው። መፍቻ መኪናዬ ውስጥ አለ፤ ጎሚኒም አላጣም። ከፎቶው በፊት ማን አብሮኝ ይመጣል?