አባወራው ታሞ ከሥራ ሲቀር የቤቱ ሒሳብ እንዴት ይያዛል?

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

   

ዛሬ የምናነሳው በብዙ ቤቶች ውስጥ ያለ፣ ነገር ግን በር ተዘግቶ የሚያዝ ጉዳይ ነው። የቤቱ ቀለብ አምጪ ታሞ ሲተኛ፣ ሕመሙም የሳምንትና የወር ሳይሆን የዓመታት ሲሆን፣ ያ ቤት በምን ይኖራል? ርዕሱን ያገኘነው ከሰፈራችን ነው። ያየነውን ስንነግራችሁ እኛ ራሳችን ያጠፋነውንም አንደብቅም። የቤተሰቡን ስም አንጠራም፤ ታሪኩን እንድንናገር ግን ፈቅደውልናል።

ወንድማችን መርካቶ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ሁለት የስፌት መኪና ተክሎ ሱሪና ጀለቢያ የሚሰፋ ሰው ነበር። አንድ ቀን ለፈጅር ሰላት ውዱእ ሲያደርግ ወደቀ። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉት፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ አንደበቱ ተያዘ። የሚባለውን ይሰማል፣ ይገባዋል፣ መልሱ ግን አይወጣለትም።

እኛ የመስጂዱ ጀመዓ እንደ ልማዳችን ጠየቅነው። ብርቱካን ይዘን ገባን፣ ሙዝ ይዘን ገባን፣ «አላህ ሺፋውን ይስጥህ» አልን፣ ዱዓ አድርገን ወጣን። ሰው ሲታመም ብርቱካን ብቻ ለምን ትዝ እንደሚለን አላህ ይወቀው። በኋላ እንደሰማነው፣ በዚያ ሰሞን ቤቱ ውስጥ ብርቱካኑ እየበሰበሰ ይጣል ነበር፤ ጤፍ ግን አልነበረም። ባለቤቱን «እንዴት ናችሁ?» ስንላት «ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ» ትለናለች። እኛም ይህንኑ ቃል ይዘን እንወጣለን። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ 273ኛው አንቀጽ ከመለመን ስለሚቆጠቡ የማያውቃቸው ሰው ሀብታም አድርጎ ስለሚያስባቸው ችግረኞች ይነግረናል። አንቀጹን ስንት ጊዜ ቀርተነዋል! እነዚያ ሰዎች ግን ጎረቤቶቻችን ይሆናሉ ብለን አላሰብንም።

ነገሩ የታወቀው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ከእኛ የአንዱ ባለቤት ወርቅ ቤት ገብታ ሳለች ያቺን እህታችንን የመህር ቀለበቷን ስታስመዝን አየቻት። የጆሮዋ ወርቅ ቀደም ብሎ ተሽጦ ኖሯል። ያን ዕለት ማታ ኢማማችንና አንድ ሽማግሌ ሐጂ ሆነን ወደ ቤታቸው ሄድን፤ በዚህ ጊዜ ብርቱካን አልያዝንም። ሐጂ «ልጄ፣ ደህና ነን የሚለውን ተይውና ደብተር አምጪ» አሏት።

ውድ አድማጮች፣ በዚያ ሌሊት የተማርነውን ነው ልናካፍላችሁ የምንፈልገው።

ወንድማችን የሚጽፍ ሰው አልነበረም። ማን ጨርቅ እንደሰጠው፣ ማን ቀብድ እንደከፈለ፣ ከየትኛው ነጋዴ ክርና ገበር በዱቤ እንደወሰደ፣ ማን ያሰፋበትን እንዳልከፈለው፣ ሁሉም በጭንቅላቱ ነበር። ባለቤቱ ከዚህ አንዱንም አታውቅም። ደንበኞች በየቀኑ ቤቷ ድረስ እየመጡ «ጨርቄን»፣ «ቀብዴን» ይሏታል፤ እውነተኛውን ከውሸተኛው የምትለይበት መንገድ የላትም። ስለዚህ የሐጂ ብልሃት ይህ ሆነ፦ ስም ይጠራሉ፣ ወንድማችን እውነት ከሆነ ራሱን ይነቀንቃል፣ ካልሆነ በግራ እጁ እንቢ ይላል። በሦስት ምሽት የ19 ሰው ጨርቅ ተለየ፤ 11ዱ ቀብድ የከፈሉ ነበሩ። የሁለት ነጋዴዎች የዱቤ ዕዳ ተጻፈ። እሱም ከሰባት ሰዎች የሚፈልገው ገንዘብ ነበረው፤ ይህን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። የሰባተኛው ስም ሲጠራ ወንድማችን አለቀሰ። ለብዙ ቀናት ሊነግራት ሲታገል የነበረው ይህንኑ ኖሯል።

ዕዳን መጻፍ በቁርኣን የታዘዝነው ነው፤ በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የበቀራህ 282ኛው፣ ስለዚሁ ጉዳይ የወረደ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሦስት ዲናር ዕዳ ትቶ በሞተ ሰው ላይ ራሳቸው ሳይሰግዱ ሰሃቦቹን እንዲሰግዱበት ማዘዛቸውን፣ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ዕዳውን እኔ እችላለሁ ሲሉ እንደሰገዱበት ቡኻሪ ዘግበውታል። ሦስት ዲናር ነው! ሚስት የማታውቀው ዕዳ፣ ልጆች የማያውቁት አደራ፣ ከበሽተኛው ጋር የሚሰቃይ ሌላ በሽታ ነው። ስለዚህ ጤነኛ የሆናችሁ ወንድሞች፣ ለባለቤቶቻችሁ የምታሳዩት ደብተር ካላችሁ ዛሬ አሳዩ፤ ከሌላችሁ አንድ ደብተር ግዙ። አንዳንዱ «ለሴት ሒሳብ ከተነገረ ቤት ይፈርሳል» ይላል። እኛ ያየነው ግን ባለመነገሩ ሊፈርስ የነበረ ቤት ነው።

ደብተሩ ከተሞላ በኋላ ወጪው ተነሳ። እዚህ ላይ ያስደነገጠን ነገር ነበር። እህታችን የደም ግፊት ክኒኑን እንዲበቃላት ብላ አንድ ቀን እየዘለለች ትሰጠው ነበር። «ደህና ሲመስለኝ እዘለዋለሁ» አለችን። ግፊት ደግሞ ደህና እየመሰለ የሚያድግ ነገር ነው፤ ሐኪሞችም ስትሮክ አንዴ የመታውን ሰው ደግሞ እንዳይመታው ዋናው መከላከያ ይህንኑ መድኃኒት ሳያቋርጡ መውሰድ መሆኑን ይነግሩናል። በደብተሩ የወጪ ገጽ ላይ ኢማማችን አንደኛ ያስጻፉት መድኃኒቱን ነው። ሁለተኛ ጤፍና ዘይት፣ ሦስተኛ የቤት ኪራይ። ለጠያቂ ሰው የሚፈላው ቡናና ስኳር ከዝርዝሩ ወጣ፤ ይህን ለማስወጣት ከሁሉ የበለጠ ክርክር ፈጅቷል። እንግዳ ሳይስተናገድ ከቤቷ መውጣቱ ከረሃብ በላይ የከበዳት ይመስል ነበር።

የሚሸጠውና የማይሸጠውም መለየት ነበረበት። የባል ዘመዶች ሁለቱን የስፌት መኪና ሽጡ ብለው ነበር። ሐጂ «ልጄ፣ ይህን ከሸጥሽ ብሩን ሁለት ወር ትበይዋለሽ፤ ሦስተኛው ወር ሲመጣ ምን ትሸጫለሽ?» አሏት። በመጨረሻ አንዱ መኪና እሱ ሥራ ላስተማረው ወጣት ተከራየ፤ በሁለተኛው ደግሞ ይኸው ልጅ የቀሩትን 19 ልብሶች በቁጥር እየተከፈለው ሊጨርስ ተስማማ። የተሸጠው ቴሌቪዥኑና ቁም ሳጥኑ ነው። እቁብ ነበረው፤ ዕጣው ገና አልወጣለትም ነበር። ዳኛው አባላቱን አስፈቅዶ ቀጣዩን ዕጣ ለእሱ ሰጠው። ይህ ውለታ መሆኑ ሳይረሳ ቀሪው የእቁብ መዋጮም በዕዳ ገጹ ላይ ሰፈረ።

አሁን ወደ ሚስቲቱ እንምለስ። እህታችን እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ማስረከብ ጀመረች። ዘመድ አዝማድ ያጉረመረመው በዚህ ጊዜ ነው። ወንድማችንም ሁለት ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ፤ ሚስት ለፍታ ታብላኝ ማለት ከብዶት ነው። ኢማማችን አጠገቡ ተቀምጠው የዘይነብን (ረ.ዐ.) ታሪክ ነገሩት። ዘይነብ የታላቁ ሰሃባ የዐብደላህ ኢብን መስዑድ ባለቤት ነበረች። ለባሏና በእጇ ላሉ የቲሞች ከራሷ ገንዘብ ትሰጥ ነበር። ይህ እንደ ሰደቃ ይቆጠርልኝ ይሆን ብላ ለመጠየቅ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ደጅ ስትሄድ፣ አንዲት የአንሷር ሴትም ያንኑ ጥያቄ ይዛ ቆማ አገኘች። በቢላል (ረ.ዐ.) በኩል ላኩ፤ የመጣው መልስም ሁለት ምንዳ እንዳላት፣ አንዱ የዝምድና ሌላው የሰደቃ መሆኑን የሚገልጽ ነበር። ኢብን መስዑድን የሚያህል ሰው በሚስቱ ገንዘብ መረዳቱ ክብሩን አልነካውም። ወንድማችን ፊቱን መለሰ።

ወንድሞች ግን ይህን ታሪክ አዙረው እንዳይረዱት። ቤተሰብን መቀለብ የባል ግዴታ ነው፤ የሚስት ገንዘብ የሚስት ነው። በቸርነቷ የምትሰጠውን እንደ ግዳጅ መጠየቅ አይፈቀድም። እዚህ ላይ አንድ የተረሳ ነገር አለ። የመህር ወርቋን ስትሸጥ ለባሏ አበድራው ነው ወይስ ሰደቃ ሰጥታው? ይህ ቃል በጊዜው ይነገር፣ ይጻፍም። ብድር ከሆነ፣ ሞት ቢመጣ ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት የሚከፈል ዕዳ ነው፤ የሱረቱ ኒሳእ የውርስ አንቀጾች ዕዳንና ኑዛዜን ከክፍፍሉ ያስቀድማሉ። ሳይጻፍ ቀርቶ ከቀብር በኋላ ሚስትና የባል ወንድሞች ፍርድ ቤት የቆሙበትን ጉዳይ እኛም ታዝበናል። የእኛ እህት «ግማሹ ሰደቃ፣ ግማሹ ብድር» አለች፤ ሐጂ ሳቁና እንዳለችው ጻፉት።

ትልቋ ልጅ 10ኛ ክፍል ነበረች። ደላላ ቤታቸው መጥቶ «ጅዳ ልላካት፣ በሁለት ዓመት ቤታችሁን ትለውጣለች» ብሎ ኖሮ እናትየው ልትስማማ ትንሽ ነው የቀራት። ኢማማችን በዚህ ላይ ተቆጡ። ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ በደላላ እጅ መላክ ምን እንደሚያመጣ ከባሕር ማዶ የተመለሱ እህቶቻችን ያውቁታል። ልጅቷ ትምህርቷን ቀጠለች፤ ማታ ማታ የደብተሩ ጸሐፊ እሷ ሆነች።

ዘካን በተመለከተ ወንድማችን ያለፈውን ዓመት ሰጪ ነበር፤ ተቀባይ መሆን አሳፈረው። ሱረቱ ተውባህ 60ኛው አንቀጽ ከዘረዘራቸው ስምንቱ ተቀባዮች ውስጥ ድሆችም ባለዕዳዎችም አሉ። የሚኖርበት ቤትና የሥራ መሣሪያው ሰውን ከድህነት አያስወጡትም፤ ስለዚህ «ሁለት መኪና እያለው ዘካ ይበላል» ማለት ስህተት ነው። ሀብት ያላት ሚስት ዘካዋን ለድሃ ባሏ መስጠት ትችላለች ወይ ለሚለው፣ በሻፊዒይ መዝሀብ ትችላለች፤ ኢማም አቡ ሐኒፋ አይሆንም ብለዋል፣ ሁለቱ ተማሪዎቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ግን ፈቅደዋል። በአገራችን ሁለቱም መዝሀቦች ስላሉ ሁሉም የአካባቢውን ዓሊም ይጠይቅ።

የታመመውን ሰው ፎቶ አንስቶ ለሕዝብ መበተንስ? በቀቢሳ (ረ.ዐ.) ሐዲስ ሰውን መጠየቅ ከተፈቀደላቸው አንዱ፣ ከወገኖቹ ሦስት አስተዋይ ሰዎች ድህነቱን የመሰከሩለት ነው። እኛ ያደረግነው ይህንኑ ነበር። ሦስት ሰዎች ደብተሩን አይተን መሰከርን፤ ገንዘቡ በኢማማችን እጅ ተሰበሰበ፤ የወንድማችን ፊት የትም አልታየም። አራጣ አበዳሪም ደጃቸውን ለመምታት ጊዜ አላገኘም። ሁለቱ ነጋዴዎች ዘንድ ሄደን የበቀራህን 280ኛ አንቀጽ አስታወስናቸው፤ የተቸገረ ባለዕዳ እስኪቃናለት ይጠበቅ፣ መማር ደግሞ ይበልጣል የሚለውን ማለታችን ነው። አንዱ ለዓመት ታገሠ፣ ሌላው ግማሹን ማረ።

ተቀጣሪ ለሆናችሁ ባጭሩ አንድ ነገር እንበል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስት ያለ ክፍያ ናቸው። ስለዚህ ቤተሰብ ሒሳቡን ከሁለተኛው ወር በፊት መቀነስ አለበት። የጡረታ መዋጮ ከደመወዛችሁ 7 በመቶ መቆረጡን ብቻ ሳይሆን አሠሪው የራሱን 11 በመቶ ጨምሮ ገቢ ማድረጉንም ጠይቁ፤ በጤና ምክንያት ከሥራ ለሚሰናበት ሰው የዘለቄታ አበል የሚታሰበው ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ሲኖር ነው። እንደ ልብስ ሰፊው ለራሳችሁ የምትሠሩ ደግሞ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን ወረዳችሁ ጠይቁ። የሚመዘገቡት ከመታመም በፊት ነው። መድን ሐራም አይደለም ወይ ለምትሉን፣ የዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1985 እ.ኤ.አ. የንግድ መድንን ከልክሎ በመረዳዳት ላይ የቆመውን ፈቅዷል።

ዛሬ ወንድማችን በዱላ ይራመዳል። ጥቂት ቃላት ተመልሰውለታል፤ በግራ እጁ ሜትር ይዞ ለልጁ ልክ ይነግረዋል። ከ19ኙ ጨርቅ 18ቱ ለባለቤቶቻቸው ደርሰዋል። አንድ ቀርቷል። ስሙን ወንድማችን ሊያስታውሰው አልቻለም። ከረመዳን በፊት መርካቶ ውስጥ ግራጫ የሱሪ ጨርቅ ከቀብድ ጋር ሰጥታችሁ፣ በሩ ተዘግቶ አግኝታችሁ የተመለሳችሁ ካላችሁ፣ ጨርቁ ተሰፍቶ በአደራ ተቀምጧልና የቀብዱን መጠን ጽፋችሁ ወደ ፕሮግራማችን ላኩልን።