የኬሻው ክብደትና የተሸካሚው ክብደት



ጅማ ውስጥ ስለ ጉልበት ሲወራ ሁለት ዓይነት ቁጥር ይሰማል። ከጂም የሚወጡ ወጣቶች ስንት ኪሎ እንዳነሡ፣ ስንት ፑሽ አፕ እንደሠሩ ይጠያየቃሉ። ቡና መጋዘን ደጃፍ የሚውሉ ጫኝና አውራጆች ደግሞ ቀናቸውን በኬሻ ይቆጥራሉ። ሁለቱም ወገን ሰውን ከሰው ያወዳድራል። የወጣቶቹ ሚዛን ግን ከመቶ ዓመት በላይ ክርክር አልፎበታል፤ ተጽፏል፣ ተሻሽሏል። የጫኝና አውራጁ ሚዛን ይህን ያህል አሳቢ አላገኘም። ዛሬ ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ላስቀምጥ የፈለግሁት ከመጀመሪያው የምንማረው ነገር ለሁለተኛው ስለሚያስፈልግ ነው።

ከራሳችን እንጀምር። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን ሲገዙ ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ገበያው ደግሞ ከታች ሂርማታ ነበር። የሂርማታ የሐሙስ ገበያ በደቡብ ምዕራቡ አገር ከታወቁት ሁሉ ትልቁ ነበር። ነጋዴው ከሩቅ ይመጣል፤ ቡናው፣ ጨዉ፣ ማሩ በበቅሎና በአህያ ይጓጓዛል። ቡና የሚመዘነው በፈረሱላ ነው፤ አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ። ይህ መስፈሪያ ዛሬም ከአጋሮ እስከ ሊሙ ገነት በገበሬውና በሰብሳቢው አፍ ላይ አለ።

ጣልያን በ1936 እ.ኤ.አ. ከገባ በኋላ ጅማን የአንድ ትልቅ ግዛት መቀመጫ አደረጋት፤ መንገድ ተጠረገ፣ የጭነት መኪና መጣ። በቅሎ የሩቁን መንገድ ለመኪና አስረከበች። ከመጋዘኑ በር እስከ መኪናው ያለችው አጭር መንገድ ግን ለሰው ትከሻ ቀረች። ዛሬም የምትቀረው ለእሱ ነው። በዓለም የቡና ንግድ መቁጠሪያ የሆነው ኬሻ 60 ኪሎ ነው፤ በእኛ ፈረሱላ ሦስት ተኩል ገደማ ይሆናል። ጀንፈል ቡናና እህል በሚጫንበት ጊዜ ደግሞ ሙሉ ኩንታል፣ ማለት 100 ኪሎ፣ በአንድ ሰው ጀርባ ሲሄድ ያላየ በመካከላችን የለም።

ወደ ስፖርቱ ልሻገር። በ1896 እ.ኤ.አ. አቴና ላይ የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሎምፒክ ሲካሄድ ክብደት ማንሳት ከውድድሮቹ አንዱ ነበር። በሁለት እጅ ማንሳት ዴንማርካዊው ቪጎ ዬንሰንና ብሪታንያዊው ላውንስተን ኤሊዮት ሁለቱም 111.5 ኪሎ አነሡ። ቁጥሩ እኩል ሆነ። ዳኛው ታዲያ አነሣሡ ያማረው ዬንሰን ነው ብሎ ድሉን ለእሱ ሰጠ፤ ኤሊዮት በአንድ እጅ ውድድር 71 ኪሎ አንሥቶ ተካሰ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኪሎው ብቻውን አልበቃም ማለት ነው። እንዴት ተነሣ? ማን አነሣው? የሚሉት ጥያቄዎች አብረው መጡ። በዚያ ውድድር 60 ኪሎ የሚመዝንና 100 ኪሎ የሚመዝን ሰው የሚጋጠሙት በአንድ መድረክ፣ በአንድ ዘንግ ነበር። በሰውነት ክብደት ተለይቶ መወዳደር በኦሎምፒክ የተጀመረው በ1920 እ.ኤ.አ. አንትወርፕ ላይ፣ በአምስት ምድብ ነው።

ምድቡ ለምን አስፈለገ? መልሱን ጋሊሌዮ በ1638 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አስቀምጦታል። ትንሽ ውሻ እሱን የሚያህሉ ሁለት ወይም ሦስት ውሾች በጀርባው ሊሸከም ይችል ይሆናል፤ ፈረስ ግን እሱን የሚያህል አንድ ፈረስ እንኳ አይችልም ይላል። ምክንያቱ የስፋትና የይዘት ነገር ነው። አካል በቁመት፣ በወርድና በውፍረት እጥፍ ቢያድግ ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ጉልበት የሚመነጭበት የጡንቻው ቁርጥ ስፋት የሚጨምረው ግን አራት እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ትልቁ ሰው በጠቅላላ ኪሎ ይበልጣል፤ በራሱ ክብደት ሲካፈል ግን ትንሹ ይበልጠዋል።

የዚህን ማስረጃ ዓለም በ1988 እ.ኤ.አ. ሴኡል ላይ አየ። ቱርካዊው ናይም ሱለይማኖግሉ በ60 ኪሎ ምድብ ገብቶ በአንድ ትንፋሽ ወደ ላይ በሚነሣው 152.5፣ በደረት ተቀብሎ በሚገፋው 190 ኪሎ አነሣ። ድምሩ 342.5 ነው። ከእሱ በላይ ባለው በ67.5 ኪሎ ምድብ ወርቅ የወሰደው ጀርመናዊ ድምሩ 340 ነበር፤ ትንሹ ሰው በትልቁ ምድብ ቢወዳደር ኖሮ ያሸንፍ ነበር። በዚያው ኦሎምፒክ ከ110 ኪሎ በላይ ባለው ምድብ አሌክሳንደር ኩርሎቪች 462.5 አንሥቷል። ከሁለቱ ጠንካራው ማን ነው? ኪሎ ለሚቆጥር ኩርሎቪች ነው፤ ሰውየውን ከራሱ ክብደት ጋር ለሚያመዛዝን ሱለይማኖግሉ። ይህንን ለማስታረቅ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ካናዳዊው ሮይ ሲንክሌር የሰውነትን ክብደት ከተነሣው ጋር የሚያሰላ ቀመር አወጣ፤ ክብደት አንሺዎች በእሱ ስም ይጠሩታል። ስፖርቱ ፍትሕ የፈለገው በዚህ ጥልቀት ነው። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር አክብሮት ይሰማኛል፤ ሰዎች ለአንድ ዘንግ ብረት ሲሉ ሰውን ሳያጓድሉ ለመለካት ይህን ያህል ደክመዋል።

ጉልበት የሚለካበት ሁለተኛው መንገድ ብረት የማይነካው፣ በገዛ አካል ክብደት የሚሠራው ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሉድቪግ ያን በ1811 እ.ኤ.አ. በርሊን አጠገብ ሜዳ ከፍቶ ወጣቶችን በአግዳሚና በጥንድ ዘንግ አሠለጠነ። ስዊድናዊው ፔር ሄንሪክ ሊንግ ደግሞ በ1813 እ.ኤ.አ. ስቶክሆልም ውስጥ የጂምናስቲክ ተቋም መሠረተ፤ የወታደር አሠልጣኞችም ከዚያ ይወጡ ነበር። የስዊድን እጅ ወደ እኛም ደርሷል። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የሆለታን የጦር ትምህርት ቤት የመሩት ስዊድናውያን መኮንኖች ናቸው፤ ከጣልያን ጦርነት በኋላም የክብር ዘበኛውን አበበ ቢቂላን ለሮም ኦሎምፒክ ያዘጋጀው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነው። አገራችን የኦሎምፒክ ሜዳሊያዎቿን በሙሉ ያገኘችው በሩጫ መሆኑ ትኩረታችንን ወስዶታል፤ ማንሣትና መሸከም ስለሚጠይቁት ጉልበት ያን ያህል ያላሰብንበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ድግግሞሽ ልምጣ፤ ክርክር የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ጂም የሚሠራ ሁሉ «አሥር፣ አሥር ሦስት ዙር» የሚለውን ያውቀዋል። ከየት መጣ? አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ዴሎርም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ቺካጎ በሚገኝ የጦር ሆስፒታል ጉልበታቸው የሰለለ ቁስለኞችን ያክም ነበር። በጊዜው ቁስለኛ ቀላል ነገር ደጋግሞ እንዲያነሣ ይታዘዝ ነበር። ዴሎርም ታካሚው አሥር ጊዜ ብቻ ሊያነሣው የሚችለውን ከባድ ክብደት ፈልጎ በእሱ አሠራ፤ ጉልበት ሲጨምር ክብደቱንም ጨመረ። ውጤቱን በ1945 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በ1948 ደግሞ ከባልደረባው ጋር አሳጠረው፦ አንድ ዙር በግማሹ፣ አንድ ዙር በሦስት አራተኛው፣ የመጨረሻው በሙሉ ክብደት፣ እያንዳንዱ አሥር ጊዜ። የዛሬ የጅማ ወጣት የሚቆጥረው አሥር ከቁስለኛ አልጋ የተነሣ አሥር ነው።

ከድግግሞሽ ተነሥቶ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ሊያነሣ የሚችለውን መገመት ይቻላል? ይቻላል፤ ግን እስከ አንድ ቦታ ድረስ ነው። ሁለት የታወቁ ቀመሮች አሉ፤ አንዱ የኤፕሊ፣ ሌላው የብርዚኪ። 60 ኪሎ አሥር ጊዜ ያነሣ ሰው በሁለቱም ስሌት አንድ ጊዜ 80 ኪሎ ያነሣል፤ ይስማማሉ። ያንኑ 60 ኪሎ ሃያ ጊዜ ያነሣ እንደሆነ ግን የኤፕሊ 100፣ የብርዚኪ 127 ይላል። ከአሥር እያለፈ ሲሄድ ቁጥሩ የሚለካው የጡንቻን ጥንካሬ ሳይሆን የትንፋሽንና የጽናትን ነገር ስለሆነ ነው። ሃምሳ ፑሽ አፕ የሚሠራ ሰው ጽኑ ነው፤ ከባድ ነገር ስለማንሣቱ ግን ያ ቁጥር ብዙም አይነግረንም።

ፑሽ አፕ ራሱ ሲሠራ እጅ የሚሸከመው ከሰውነት ክብደት ሁለት ሦስተኛውን ገደማ ነው። 55 ኪሎ የሚመዝን ወጣት በየአንዳንዱ 37 ኪሎ ያህል ይገፋል፤ 80 ኪሎ የሚመዝነው ጓደኛው 53። የመጀመሪያው 40፣ ሁለተኛው 35 ቢሠሩ በቁጥር ትንሹ አሸነፈ፤ የተገፋው ሲደመር ግን የትልቁ ይበልጣል። ፑል አፕ ላይ ሙሉ ሰውነት ስለሚነሣ ትንሹ ይጠቀማል፤ ብረት ላይ ትልቁ። እንግዲህ «እኔ እበልጣለሁ» የሚባባሉ ሁለት ወጣቶች ሁለቱም እውነት ሊኖራቸው ይችላል። ማወዳደር የሚፈልጉ ከሆነ ቁጥሩ አጠገብ የራሳቸውን ክብደት ይጻፉ። በየሰፈሩ ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ አፍስሰው በዘንግ ለሚሠሩትም አንድ ምክር አለኝ፦ መጠናቸው እኩል የሆኑ ጣሳዎች በጠጠሩና በአሸዋው ብዛት ክብደታቸው ይለያያል፤ ቡና ከተማ ውስጥ ደግሞ ሚዛን የሌለው ሰፈር የለም፤ ወስደው ያስመዝኑት።

አሁን ወደ መጋዘኑ እንመለስ። አንድ 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ ሲሞላ 83 ኬሻ ይይዛል። ስድስት ሰዎች ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ 14 ገደማ ይደርሰዋል፤ 840 ኪሎ። ኬሻውን ሁለት ሰዎች ያሸክሙታል፣ ተሸካሚው በማጅራቱና በትከሻው ይዞ በሳንቃው ይወጣል። ስለዚህ ሥራው ክብደት ማንሣት ብቻ አይደለም፤ መሸከም፣ መራመድ፣ መውጣት አለበት፤ ድግግሞሹም ዕረፍቱም በመኪናው መምጣት የሚወሰን ነው። በስፖርት ቤት ዴሎርም ያሰበለትን ዓይነት፣ ከግማሽ ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚጨምር ክብደት እዚህ የለም። የመጀመሪያውም ኬሻ የመጨረሻውም 60 ነው።

የተሸካሚውስ ክብደት? 55 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 60 ኪሎ ከራሱ ይበልጣል። 80 ኪሎ ለሚመዝነው ሦስት አራተኛው ነው። ጋሊሌዮ እንዳለው ትንሹ በራሱ ክብደት ሲሰላ ስለሚበረታ ይሸከመዋል፤ መሸከሙን በየቀኑ እናያለን። ነገር ግን ኦሎምፒክ በ1920 የተወውን የአንድ ዘንግ ለሁሉም ውድድር መጋዘናችን ዛሬም ይዞታል፤ ያውም ሜዳሊያ በሌለበት፣ ወገብና ጉልበት በሚከፈልበት ቦታ።

ከኬሻው በስተጀርባ ያለውንም ልጥቀስ። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ቀይ ቡና ያስፈልጋል። 60 ኪሎው ከመታሰሩ በፊት 360 ኪሎ ያህል እሸት ከጫካውና ከጓሮው በሰው ጀርባ ወጥቷል ማለት ነው። ጌራና ጎማ ላይ ቡናው የሚታጠብ ከሆነ እሸቱ በተለቀመበት ቀን ማጠቢያው መድረስ ስላለበት ሸክሙ ለነገ አይባልም። ከሚሸከሙት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ኦሎምፒክ ሴቶችን ለክብደት ማንሣት የተቀበለው በ2000 እ.ኤ.አ. ሲድኒ ላይ ነው፤ የጅማ ገጠር ሴት ሸክሟን ከዚያ በፊት ስንት ዘመን እንደተሸከመች እናንተ ታውቃላችሁ።

የዓለም የሥራ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ አዋቂ ወንድ ሠራተኛ በእጁ ወይም በጀርባው የሚያጓጉዘው ከ55 ኪሎ ካለፈ በፍጥነት ወደዚያ እንዲወርድ ይላል። ለሴቶች ከዚህ በእጅጉ ያነሰ እንዲሆን ይመክራል። የእኛ ኬሻ ከወሰኑ የሚበልጠው በ5 ኪሎ ነው፤ ኩንታሉ ደግሞ በ45። ኬሻው ወደ 55 ኪሎ ይውረድ ሲባል፣ በዓለም ገበያ ቆጠራው በ60 ኪሎ ስለሆነ አይነካም ለሚል፣ ቆጠራው ሌላ፣ በመጋዘንና በመኪና መካከል የሚሰፋው ኬሻ ሌላ ነው እላለሁ፤ ሲሚንቶ በ50 ኪሎ ታሽጎ በኩንታል ይሸጥ የለም ወይ? 50 ኩንታሉ አይሱዙ በ60 ኪሎ ሲጫን 83 ኬሻ ነበር። በ55 ኪሎ ቢሆን 91 ይሆናል። የሚጨምረው ስምንት ኬሻ ነው።