ጩኸቱ ከወዲህ፤ ጥፋቱ ከወዲያ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በኮምፒዩተር ክበብ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በዚህ በእንጦጦ ግርጌ በተሰበሰብንበት በዓል ለመናገር ያሰብነው፤ ኮምፒዩተር በወደቀ ጊዜ ጥፋቱ እንዴት እንደሚፈለግ ነው። ከዚህም ጋር ለአንድ ጓደኛችን የምንከፍለው ዕዳ አለብን።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው የኮምፒዩተርን ሥራ ሁሉ የሚያስተዳድር ፕሮግራም ሲሆን፤ ዋናው ክፍሉ ከርነል ይባላል። ሌላ ፕሮግራም ቢሳሳት ከርነሉ እርሱን ብቻ ያስወጣዋል፤ ከርነሉ ራሱ የተሳሳተ እንደ ሆነ ግን የሚያርመው የበላይ ስለሌለው ሁሉም ቀጥ ይላል። እኛ የተማርንበት ከርነል በአሜሪካ አገር በኤም.አይ.ቲ. ለተማሪዎች የተዘጋጀው ኤክስቪ 6 ነው። የሚሠራበት ሪስክ ፋይቭ የተባለው ፕሮሰሰር በእጃችን ስላልነበረ፤ ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. ባወጣው ኪውኢሚዩ በተባለው ፕሮግራም ተጠቀምን። ይህም ፕሮግራም በእጅ የሌለውን ፕሮሰሰር ሥራ እያስመሰለ ይሠራል። ቢወድቅ የሚሰበር ዕቃ የለም፤ በፈለግነውም ቦታ አቁመን ውስጡን ለማየት እንችላለን።

ለዚህ በዓል ልናሳይ ያዘጋጀነው ሥራ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፤ ከርነሉ «ፓኒክ» የሚል ቃል ጽፎ ቆመ። አንድ ጓደኛችን የጻፈው የሙከራ ፕሮግራም ሲነሣ ይወድቃል፤ ያ ሲቀር ግን ደኅና ይሠራል። ስለዚህ ጥፋተኛው እርሱ ነው ብለን ፈረድንበት፤ ከሥራውም አስወጣነው።

ዳሩ ግን ከርነሉ ሲቆም ሦስት ቍጥሮች ጽፎ ነበር፤ እኛም በቍጣ አላነበብናቸውም። አንደኛው 15 ነው፤ ትርጓሜውም ሊጻፍበት በማይቻል አድራሻ ላይ ለመጻፍ ተሞከረ ማለት ነው። ሌላው ያ አድራሻ 0 መሆኑን ይናገራል። የቀረው የወደቀበትን ቦታ ያመለክታል፤ ቦታውም ሜሞሪን በአንድ ቍጥር የሚሞላ፤ ነቀፋ የሌለበት ትንሽ ክፍል ሆኖ ተገኘ። ጂ.ዲ.ቢ. በሚባለው መመርመሪያ አቁመን፤ ይህን ክፍል ማን ጠራው? እያልን ወደ ኋላ ብንሄድ፤ እኛው በኅብረት ከጻፍናቸው መስመሮች ደረስን። በዚያ ከርነሉን 4096 ባይት ሜሞሪ እንጠይቃለን፤ ባዶ ከሌለ መልሱ 0 ነው። እኛ ግን መልሱን ሳንመለከት ጻፍንበት። የጓደኛችን ፕሮግራም 128 ሜጋባይቱ ሜሞሪ እስኪያልቅ ድረስ ይጠይቅ ስለ ነበረ፤ ስሕተታችንን ገለጠው እንጂ እርሱ አልሠራውም። መልሱ 0 እንደ ሆነ ሥራውን ተው የሚል ሁለት መስመር ብንጨምር ከርነሉ ሳይወድቅ ዋለ።

ከበላያችን በእንጦጦ ተራራ ላይ ያለው ጣቢያ፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና አገር የመጠቀችውን የመጀመሪያይቱን የኢትዮጵያ ሳተላይት ለመቆጣጠር ያገለገለ ነው። ሰማይ የወጣችን ሳተላይት በመፍቻ ሊከፍታት የሚችል የለም፤ ስለዚህ እንዲህ ላለው ሥራ የሚዘጋጅ ተማሪ ጥፋትን በምድር ሳለ መፈለግ፤ ቍጥሩንም ሳያነብ በሰው ላይ አለመፍረድ ይገባዋል።

ጓደኛችንን በእናንተ ፊት ይቅርታ እንጠይቀዋለን። ከሰዓት በኋላ ሥራችንን የሚያሳያችሁ እርሱ ነው።